እስከ አንጓዋ የገባ እጅ

ጄሶ ሲደርቅ ይሞቃል። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኔ የሆነውም ለዚሁ ነው።

አባቴ ኮርኒስ ሠሪ ነው። እኔ ደግሞ አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ከወጣሁ ጀምሮ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ የእሱ አቡኪ ነኝ። ውሃ እለካለሁ፣ ጄሶ እነሰንሳለሁ፣ አማስላለሁ፣ መሰላል ላይ ለቆመው አቀብላለሁ። ወደ ቤት ስመለስ ቅንድቤ ሳይቀር ነጭ ስለሚሆን የሰፈር ልጆች «ዱቄት» አሉኝ። በፊት በፊት እያባረርኩ እደበድባቸው ነበር፤ አሁን እናቴ ባወጣችልኝ ስም ብጠራ እንኳ ዞር አልልም፣ «ዱቄት!» ሲሉኝ ግን አቤት እላለሁ።

ጠዋት ሲበርድ ባልዲው ውስጥ የተረፈው ጄሶ እየጠነከረ ይሞቃል። እኔና አባቴ ባልዲውን መሃላችን አድርገን መዳፋችንን እንለጥፍበታለን። «ከምድጃ ይሻላል፣ ዓይን አያስለቅስም» ይላል አባቴ። ስለዚህ የጄሶ ሙቀት ለእኔ እንደ ዘመድ ነበር። ግድግዳ ላይ በስሱ ስትለጥፊው ለብ ይልሻል እንጂ ማንንም አቃጥሎ አያውቅም። ከዘመድ ደግሞ ማን ይጠነቀቃል?

ሁለት ከረጢት አለን። ትልቁ ቀስ ብሎ የሚደርቀው፣ የኮርኒሱ ነው። ትንሹ ጨው የተቀላቀለበት ነው፤ ስንጥቅ ለመድፈን፣ ቶሎ እንዲደርቅ። «ፈጣኑ» እንለዋለን።

ታናሽ እህቴ አንደኛ ክፍል ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፣ አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ «ቁንጫ» እንላታለን። አስተማሪዋ በየሳምንቱ የሆነ የእጅ ሥራ ታሠራቸዋለች። አንድ ጊዜ በእንቁላል መያዣ ካርቶን አባጨጓሬ ሠርታ መጣች፣ ቤት ሳይደርስ አንገቱ ተቆርጦ። ሌላ ጊዜ ድንች ቀርጸው፣ ቀለም ነክረው አተሙ፤ ቁንጫ ቤት መጥታ የአባቴን አንድያ ነጭ ሸሚዝ በአሥራ አንድ ኮከብ አስጌጠችው።

አንድ ረቡዕ ደግሞ በሩን እየበረገደች ገባች።

«እትዬ!»

እትዬ የምትለኝ የሆነ ነገር ስትፈልግ ብቻ ነው።

«ምን ፈለግሽ?»

«ቲቸር ‹ጄሶ ቤቱ ያለው ማነው?› ስትል እጄን አወጣሁ። የሁላችንንም እጅ ልናትም ነው። ቅዳሜ ወላጆች መጥተው ያያሉ። እህቴ አቡክታ ታመጣለች ብያለሁ።»

«ማን ሆነሽ ነው የምትዪው?»

«እህትሽ ሆኜ።»

አባቴን ስጠይቀው ጫማውን እያወለቀ ነበር። «ከትልቁ ውሰጂ፣» አለኝ። «በስሱ ይሁን። ደግሞ ሥርዓት ያዢ፣ ከሳምንት በኋላ የእነሱን አዳራሽ ኮርኒስ የምሠራው እኔ ነኝ።»

እሺ አልኩ። በማግስቱ ግን ከፈጣኑ ቀዳሁ። ለምን? ሠላሳ ስድስት ሕፃን ፊት ቆሜ፣ ጄሶ እስኪደርቅ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ልጠብቅ? ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣሁት ደብተሬን በፌስታል ይዤ ነው። አሁን ባልዲና ስፓቱላ ይዤ ስገባ አፋቸውን እንዲከፍቱልኝ ፈለግኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

አስተማሪዋ ልጅ እግር ናት፣ ድምፅዋ ቀጭን። በእጇ የታተመ ወረቀት ይዛ፣ ጄሶ እንዴት እንደሚቦካ የሚለውን በእስክሪብቶ አስምራበታለች።

«ይሄ ነገር ልጆቹን አይጎዳም አይደል?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ቲቸር፣ አምስት ዓመት እጄ ውስጡ ነው የሚውለው» አልኩና ዘረጋሁላት። «ይኸው ቁጠሪ፣ አምስቱም አሉ።»

ሳቀች። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር አማረ። በወረቀት ሳህን ላይ በስሱ አፈስሳለሁ፣ ልጁ መዳፉን ዘርግቶ ይጫናል፣ ክፍሉ በሙሉ እስከ ሃያ ይቆጥራል፣ ከዚያ ያነሳል። አምስት ጣት እንደ ማኅተም ቁጭ! አንዱ ጎረምሳ ነኝ ባይ እጁን ጨብጦ በቡጢ ሲመታው ጄሶው ሦስት ልጅ ፊት ላይ ተረጨ።

«እጅ ተዘርግቶ ነው!» አለች አስተማሪዋ። «ጣቱን ያጠፈ ልጅ ሥራው ቅዳሜ አይሰቀልም። ተግባባን?»

«አዎ ቲቸር!»

አንዷ ጥርሰ ወላቃ ቀና ብላ አየችኝና «ቲቸር ዱቄት፣ የእኔ ደረቀልኝ?» አለችኝ። ቲቸር! እኔን! ከዚያ በኋላ እግሬ መሬት አልነካም።

የቁንጫ ተራ ሲደርስ ሳህኑ አለቀ። ሠላሳ አምስት ነበር፣ ማንም አልቆጠረውም። ቁንጫ ዓይኗ ቀላ። እህቷ አቡኪ፣ ጄሶው ከቤቷ የመጣ፣ እና ለእሷ ሳህን የለም።

«አታልቅሺ» አልኳት። «የእነሱ ጠፍጣፋ ነው። ላንቺ ሙሉውን እጅ አወጣልሻለሁ።»

የብሩሽ ማስቀመጫ የነበረ፣ አንገቱ የተቆረጠ የሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ነበር። ብሩሾቹን አወጣሁ፣ ከፈጣኑ ወፍራም አድርጌ አቦካሁ፣ እስከ አፉ ሞላሁት። ሐሳቤ ይጠነክራል፣ እጇን ታወጣለች፣ የተረፈውን ቅርጽ በሌላ ጄሶ እንሞላዋለን የሚል ነበር። ጭንቅላቴ ውስጥ በጣም ያምር ነበር። አስተማሪዋ በመስኮቱ በኩል ሳህኖቹን ትደረድራለች፣ ጀርባዋን ሰጥታናለች።

«ክተቺ።»

«እስከ የት?»

«እስከ አንጓሽ። ከዚያ አትነቃነቂ።»

ቀኝ እጇን ከተተች። ትንሽ ስትፍጨረጨር ታየኝ፣ እያመቻቸች ነው ብዬ ተውኳት።

መቶ ስንቆጥር ፈገግ አለች። «እትዬ፣ ይሞቃል።»

«ጥሩ ነዋ። እየደረቀ ነው ማለት ነው።»

ሁለት መቶ ሳንደርስ ፈገግታዋ ጠፋ። «በጣም ሞቀ።»

«በቃ አውጪው።»

ሳበች። አልወጣም። ፕላስቲኩን ይዤላት ሳበች። የአንጓዋ ቆዳ ተሸበሸበ እንጂ እጇ ንቅንቅ አላለም። ፕላስቲኩን በመዳፌ ጨበጥኩት፤ አሁን የተቀዳበት የሻይ ብርጭቆ መሰለኝ። ይህ የውጩ ነው። ውስጡ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፣ ገና ነው፣ ገና ይጨምራል። ባልዲው መሃል የሚቀረው የመጨረሻው ጉብታ ስንት ጊዜ ልንጥለው ስንል በግለቱ እጃችንን እንዳስለቀቀን ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

«ቲቸር!» አልኩ።

አስተማሪዋ መጣች። ሳሙና ቀባች፣ አወዛወዘች፣ ሳበች፤ ቁንጫ ከወንበሯ ተነስታ አብራ ተጎተተች። ልጆቹ ከበቡን። አንዱ «እጇ ይቆረጣል» አለ፣ ሌላዋ ማልቀስ ጀመረች። ቁንጫ ግን አላለቀሰችም። አፍንጫዋ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ የታች ከንፈሯን ነክሳለች፣ ዓይኖቿ እኔ ላይ ናቸው። አንቺ ታውቂያለሽ አይደል? የሚል ዓይን።

ዳይሬክተሩ በጩኸቱ መጣ። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ነገሩን ሲሰማ ዘበኛውን ወደ ጤና ጣቢያ ሰደደና «ነርስ ይዞ እስኪመጣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው» አለ።

እኔ ስፓቱላዬን አንስቼ ነበር። እጄን ያዘኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልሰብረው።»

«በብረት? የሕፃን እጅ ያለበትን? አምጪ እዚህ!» ቀማኝ። «አንቺ እስካሁን ያደረግሽው ይበቃል።»

አስተማሪዋ ወረቀቷን አንስታ አነበበች። «ሠላሳ ደቂቃ ነው የሚለው። ሙቀቱም ቀስ በቀስ ነው የሚጨምረው ይላል። ገና ስምንት ደቂቃ አልሞላውም፣ ጊዜ አለን።»

«ጊዜ አለ» አለ ዳይሬክተሩ። «ማንም አይንካት። ባለሙያ ይምጣ።»

ወረቀቱ ልክ ነው። ወረቀቱ የሚያወራው ግን ጨው ስለሌለው ጄሶ ነው።

እንደ ወፍጮ የሚፈጨው፣ መልስ አጥቶ የማያውቀው አፌ ያን ጊዜ ተዘጋ። ብናገር የአባቴ የአዳራሽ ሥራ አለቀለት። ብናገር ያቺ «ቲቸር ዱቄት» ያለችኝ ጥርሰ ወላቃ ሳይቀር ትሰማለች። ዝም ብል ደግሞ... ቁንጫ ትንፋሿን በአፍንጫዋ እየሳበች፣ ሰው እንዳያይባት ጠረጴዛው ሥር እግሯን ታንቀጠቅጣለች። ስንት ሰከንድ ዝም እንዳልኩ አላውቅም። ዛሬም ድረስ ስለ እነዚያ ሰከንዶች ማንም አልጠየቀኝም።

«ዳይሬክተር» አልኩ። «ወረቀቱ አይሠራም።»

«ምን?»

«ጨው አለበት። ቶሎ እንዲደርቅ። ሠላሳ ደቂቃ የለንም። አሁን ደርቋል፣ አሁን ነው የሚግለው። ነርሷ እስክትመጣ ከቆየ ጣቶቿ ይበስላሉ።»

ዳይሬክተሩ ወደ ባልዲው አየ።

«ማነው ጨው የጨመረበት?»

«አባቴ፣ ለጥገና። ግን ‹ከሌላው ውሰጂ› ብሎኝ ነበር። ከዚህኛው የቀዳሁት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም።» ከዚያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ እጄን ዘረጋሁ። «በኋላ ይስደቡኝ። አሁን ስፓቱላዬን ይስጡኝ።»

አየኝ። ቁንጫን አየ። ሰጠኝ።

«ቲቸር፣ ትልቅ መቀስ። ውሃ፣ ያለ የሌለውን ውሃ!»

የልጆቹ መቀስ ቅቤ አይቆርጥም፤ አስተማሪዋ የራሷን አመጣች። ፕላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ቀድጄ ገፈፍኩት። ነጭ ድንጋይ ቀረ፣ እህቴ ከላዩ የበቀለች የምትመስል። በቅርብ የተገኘው ውሃ የብሩሽ መንከሪያው ብቻ ነበር። አስተማሪዋ ጣሳ በጣሳ ስታፈስበት ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ እየሆነ በነጩ ላይ ወረደ፤ እንፋሎት ብን አለ። ዳይሬክተሩ ራሱ ባልዲ ይዞ ወደ ቧንቧ ሮጠ። ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን የሚቀረው መሰንጠቅ ነው። ጄሶ ለሚያውቀው ሰው እንደ ዳቦ ይከፈላል፤ መስመር ታበጂለታለሽ፣ አንዴ ትመቺዋለሽ፣ ይለያል። ግን መስመሩ ጣት ላይ ካረፈ ጣቱም አብሮ ይለያል።

«ቁንጫ፣ ስሚኝ። ጣቶችሽ እንዴት ናቸው?»

«ተዘርግተዋል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ። ተዘርግተዋል።»

ከተዘረጉ በመዳፏ ፊት ለፊት ያለው ባዶ ጄሶ ነው። እዚያ መስመር አበጀሁ፤ የሰሌዳ መጥረጊያውን እንጨት እንደ መዶሻ አነሳሁ። ልመታ ስል አንድ ነገር አየሁ። ቁንጫ «ተዘርግተዋል» ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም። አስተማሪዋ ላይ ነበር። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። የአባቴ ሸሚዝ ላይ ኮከቦቹን ማን አተማቸው ስንላት ያየችን እንደዚያ ነው።

እንጨቱን አወረድኩ።

«ቲቸር፣ እባክሽ ትንሽ ዞር በይልን።»

«ለምን? ምን ሆነች?»

«ዞር በይልን!»

ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልኩ። ፀጉሯ በላብ ርሷል። «የእኔ እመቤት፣ ማንም አይቆጣሽም። ቅዳሜ ይሰቀልልሻል። እውነቱን ንገሪኝ፣ ጣቶችሽ የት ናቸው?»

«የአንበሳ ነው።»

«ምን?»

«የአንበሳ መዳፍ። ጥፍሩን አውጥቶ። የሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ የእኔ እንዲያስፈራ ብዬ...»

እየተቃጠለች ዋሸችኝ። ሥራዬ አይሰቀልም ብላ።

አስተማሪዋ ከጀርባዬ ሰምታለች። «ይሰቀላል!» አለች፣ ያ ቀጭን ድምፅዋ ተሰባብሮ። «ይሰቀላል የእኔ ልጅ፣ ከሁሉም በላይ ነው የምሰቅለው!»

«ግራ እጅሽን አምጪ» አልኳት። «እዚህ ጎን አድርጊው። አሁን ቀኝሽን እንዳደረግሽው፣ ልክ እንደሱ አድርጊው።»

ግራ እጇን ከድንጋዩ አጠገብ አቆመችና ጣቶቿን ወደ ፊት ቆልመም አደረገች። ጥፍሮቹ የነበሩት መጀመሪያ መስመር ያበጀሁበት ቦታ ላይ ነበር። እዚያው ላይ።

«እንደዚያው ያዢው። እንዳታነቃንቂው። ይሄ ካርታዬ ነው።»

«እሺ» አለች። ትንፋሿ ተቆራረጠ። «እትዬ፣ ቶሎ በይ።»

በእጇ ጀርባ በኩል አዲስ መስመር አበጀሁ። ግራ እጇን አያለሁ፣ ወደ ድንጋዩ እመለሳለሁ፤ ትልቁ አጥንት እዚህ ነው፣ አውራ ጣቷ ወደዚያ ነው። አስተማሪዋ ታፈስሳለች። መታሁ። ምንም። ደግሜ መታሁ። ቀጭን ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከላይ ጀመረና መሃል ላይ ቆመ። የቁንጫ የግራ እጇ ጣቶች አሁንም እንደተቆለመሙ ናቸው። ስፓቱላውን ስንጥቁ ውስጥ አስገብቼ ጠመዘዝኩት።

ቋ! አለ።

የጀርባው ክፍል በአንድ ጊዜ ወደቀ። የእጇ ጀርባ ወጣ፣ ቀይ፣ የበሰለ ቲማቲም መስሎ። አውራ ጣቷን አስለቀቅኩ። የቀረው መዳፏ የጨበጠው ጉብታ ነው፤ እሱ ነው የግለቱ ሁሉ እምብርት። «አሁን ዘርጊው፣ ቁንጫዬ፣ አሁን ዘርጊው» አልኳት። ዘረጋችው። ጉብታው ጠረጴዛው ላይ ወድቆ ተንከባለለ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ አላጨበጨብኩም።

ሁለት ጣቶቿ፣ ጠቋሚውና መሃለኛው፣ ጫፋቸው ነጭ ነበር። ጄሶ ነው ብዬ በውሃ አሸሁት። አልለቀቀም። ቆዳዋ ነው።

«ያምሻል?»

«አሁንማ አያመኝም» አለች፣ የተገላገለች መስላ።

ነርሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ የገባችው ያን ጊዜ ነው። የቁንጫን እጅ አገላብጣ አየች፣ ነጩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «እዚህ ጋ ያምሻል?»

«አያምም።»

ነርሷ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። ከዚያ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ፣ «ቢያማት ነበር የምመርጠው» አለችኝ። «ቃጠሎ ጥልቅ ሲሆን ነው የማያመው። ግቢ ውስጥ ቧንቧ አለ? ሃያ ደቂቃ፣ ሳይቋረጥ።»

ቧንቧው ሥር ተንበረከክን። አንጓዋን ይዤ ውሃው ጣቶቿ ላይ እንዲወርድ አደረግኩ። እየቆየ ክንዴ ዛለ፣ ግን አልለቅም። አባቴ በር ላይ ታየ፤ ማን እንደነገረው አላውቅም፣ ከሥራ እንደወጣ ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ ነው። ዳይሬክተሩ አንድ ነገር ሲነግረው አየሁ። «ስለ አዳራሹ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን» የሚለው ብቻ ተሰማኝ፤ እንዲህ ያለው ንግግር መቼም አይደረግም።

አባቴ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ከየትኛው ነው?» አለኝ።

«ከፈጣኑ።»

ይመታኛል ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። እጁን ከእጄ ሥር አስገባና የቁንጫን አንጓ ተቀበለኝ። «ክንድሽ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ነርሷ ከቦርሳዋ ቀጭን መርፌ አወጣች። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አለቻት። ይሰማት እንደሆነ ለማየት በመርፌው ጫፍ ትንሿን ጣት ነካ አደረገቻት።

«ኧረ!»

የቀለበት ጣቷን።

«ኧረ አልኩሽ!»

መሃለኛውን፣ ነጩን። ቁንጫ ዓይኗን እንደጨፈነች ዝም አለች። ነርሷ ትንሽ ጫን አለች። ዝም። የአባቴ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ነርሷ መርፌውን ወደ ጎን አደረገችና እንደገና ከዚያው ነጭ ጠርዝ ላይ አሳረፈችው፣ አሁን ቀስ ብላ፣ ረዘም አድርጋ።

ቁንጫ ዓይኗን በረገደች። ነርሷን አላየችም፣ እኔን ነው ያየችው።

«ዱቄት! ተዪ በያት! ያማል!»

ነርሷ ሳትተነፍስ ጠቋሚው ላይ ሄደች። ቁንጫ እጇን መነጨቀችና አፏን ከፍታ ጮኸች። ያን ሁሉ ጊዜ የዋጠችው ልቅሶ በአንድ ላይ ወጣ፤ አፍንጫዋ፣ ዓይኗ፣ ሁሉም። አባቴን ሰደበች፣ ነርሷን ሰደበች፣ እኔን «ሁለተኛ እትዬ አልልሽም!» አለችኝ።

«ጠባሳ ይኖረዋል» አለች ነርሷ ፋሻዋን እየፈታች። «ጣቶቹ ግን ይኖራሉ።»

አባቴ ቁንጫን አቅፎ ተነሳ። ከግቢው እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ እሷ እሪ እያለች፣ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ሄድን። መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ ያየን ነበር። ዝም በይ ያላት ግን የለም።